እናትና አባትን በአሜሪካ ታክስ ላይ ለማስገባት

አሜሪካ የሚኖር ወገናችን ታክስ ሲያሠራ ልጆቹን አይረሳም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለውና 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ ለ2025 እስከ 2,200 ዶላር ያስቀንሳል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የሚጦሩ ወላጆች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው እስከ 500 ዶላር ከግብራችሁ ይቀነሳል፤ መብታችሁ ስለሆነ አትተዉት።

መጀመሪያ ወረቀታቸውን እዩ። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካላቸው መንገዱ ክፍት ነው። አገር ቤት የሚኖሩና ሁለቱም የሌላቸው ወላጆች ግን በየወሩ ብትልኩላቸውም በጥገኝነት አይገቡም። «ግድ የለም፣ እኔ አስገባልሃለሁ» የሚል ታክስ ሠሪ ቢያጋጥማችሁ እምቢ በሉ፤ የምትፈርሙትም ኋላ የምትጠየቁትም እናንተ ናችሁ።

ቀጥሎ ገቢያቸውን አስሉ። ለ2025 ግብር የሚታሰብበት ጠቅላላ ገቢያቸው ከ5,200 ዶላር ማነስ አለበት። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። እማማ ግሪን ካርድ ይዘው አዲስ አበባ ያለ ቤታቸውን የሚያከራዩ ከሆነ፣ ኪራዩ እድሳትም ግብርም ሳይቀነስለት ሙሉውን ይታሰባል።

ከዚያ የዓመት ወጪያቸውን በወረቀት ጻፉ፦ የሚተኙበት ክፍል ቢከራይ የሚያወጣው ዋጋ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ መድኃኒት። ከዚህ ከግማሽ በላዩን የቻላችሁት እናንተ መሆን አለባችሁ። ወላጅ ከሆኑ አብረዋችሁ መኖራቸው ግዴታ አይደለም።

እኛ ዘንድ ግን እናት የሚጦሩት በመዋጮ ነው፤ ማንም ብቻውን ግማሹን አያልፍም። ሕጉ ለዚህም መላ አለው። አንድ ላይ ከግማሽ በላይ ከሸፈናችሁ፣ ከ10 በመቶ በላይ ካዋጡት እህትማማቾችና ወንድማማቾች አንዱ ያስገባቸዋል፤ እንዲህ ያዋጡት ሌሎቹ ለዚያ ዓመት እንደማያስገቧቸው በጽሑፍ ፈርመው ይሰጡታል፤ እሱም ፎርም 2120 ያያይዛል። በየዓመቱ ተራ መግባባት ይቻላል።

ያላገባችሁና የወላጃችሁን ቤት ወጪ ከግማሽ በላይ ብቻችሁን የምትችሉ ከሆነ፣ በቤተሰብ ኃላፊነት ፋይል አድርጉ። ከግብር ነፃ የሚሆንላችሁ መደበኛ ተቀናሽ ለ2025 ከ15,750 ወደ 23,625 ዶላር ያድጋል፤ ከ500ው ይልቅ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። በፎርም 2120 ላስገባ ሰው ግን ይህ አይሠራም።

ባለፉት ዓመታት ሳታስገቧቸው ከቀራችሁ፣ ፋይል ካደረጋችሁበት ቀን አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ በፎርም 1040-ኤክስ አስተካክሉ።