ስለ በረዶ ላይ ሆኪ የዓለም ውድድርና ስለ ደረጃዎቹ

በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ የጨዋታው ጠባይ

ሆኪ ማለት ሁለት ወገኖች ጫፉ በቆለመመ ዱላ አንዲትን ነገር እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ግብ ለማስገባት የሚታገሉበት ጨዋታ ነው። በገና በዓል ሩር ሲመታ ያየ ሰው የዚህን ጨዋታ ጠባይ ለማስተዋል አይቸገርም። ነገር ግን በካናዳና በሰሜን አውሮፓ ብርዱ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ በብርዱ ወራት የሐይቁና የኩሬው ውሃ ይረጋል፤ እንደ ድንጋይም ጠንክሮ ሰውን ይሸከማል። በዚህ ትምህርት በረዶ የተባለው ይህ የረጋ ውሃ ነው እንጂ ከዝናም ጋር የሚወርደው ጠጠር አይደለም። ተጫዋቾቹም ከጫማቸው በታች ስለታም ብረት ሰክተው በላዩ እየተንሸራተቱ ይጋጠማሉ። ዛሬ ውሃ በመኪና ኃይል ስለሚረጋ ጨዋታው በሞቃት አገርም ይቻላል።

ከእያንዳንዱ ወገን በረኛውን ጨምሮ 6 ሰዎች በሜዳው ይሰለፋሉ። የሚመታው ነገር ድቡልቡል አይደለም፤ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ሲሆን፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ የጎኑም ስፋት ከ7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ጥቂት ያልፋል። ጨዋታው በ3 ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል 20 ደቂቃ ነው። ቀላል ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች ለ2 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ወገኖቹም በአንድ ሰው ጎድለው ይጫወታሉ። ስለዚህ አንዱ ባጠፋው ጥፋት ሁሉም ይጎዳሉ።

፪ኛ፤ የዓለም ውድድር አጀማመር

በ1908 በፓሪስ ከተማ የዓለም የበረዶ ሆኪ ማኅበር ተመሠረተ። መሥራቾቹ ፈረንሳይ፣ ቤልጂግ፣ ስዊስና ብሪታንያ ነበሩ፤ ቦሔምያም በዚያው ዓመት ተጨመረች። የመጀመሪያው የዓለም ውድድር ተብሎ የሚቆጠረው በ1920 በቤልጂግ አገር በአንትዌርፕ ከተማ ከኦሎምፒክ ጨዋታ ጋር የተደረገው ነው፤ ያሸነፈችውም ካናዳ ናት። ከኦሎምፒክ ተለይቶ ለብቻው የተደረገው በ1930 ነው። ያን ጊዜ ውድድሩ በፈረንሳይ አገር በሻሞኒ ተጀምሮ ሳለ አየሩ ሞቆ በረዶው ስለ ቀለጠ፣ ፍጻሜው ወደ በርሊን ተዛወረ፤ በዚያም ካናዳ ጀርመንን 6 ለ 1 አሸነፈች።

፫ኛ፤ ደረጃዎች ስለ ምን ተከፈሉ

በፊተኛው ዘመን ለውድድር የመጡት አገሮች ብርቱውም ደካማውም በአንድነት ይጋጠሙ ነበር። ነገር ግን የአገሮቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ኃይላቸው እጅግ የተራራቀ መሆኑ ታየ። ስለዚህ በ1951 ሁለተኛ ምድብ፣ በ1961 ሦስተኛ፣ በ1987 አራተኛ ምድብ ተጨመረ። በ1961 ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ወደ ሦስተኛው ምድብ ገብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተች።

ኃይላቸው ያልተመጣጠነ ሲጋጠሙ የሚሆነው ነገር በ1987 በአውስትራልያ አገር በፐርዝ ከተማ ታይቷል። በዚያ በአዲሱ በአራተኛው ምድብ አውስትራልያ ኒው ዚላንድን 58 ለ 0 አሸነፈች። በእንደዚህ ያለው ግጥሚያ ተሸናፊው ተስፋ ከመቁረጥ፣ አሸናፊውም ከመታበይ በቀር የሚማሩት ነገር ጥቂት ነው። ሆኖም ኒው ዚላንድ ጨዋታውን አልተወችም። ከአቻዎቿ ጋር እየተጋጠመች ቆይታ በ2009 በገዛ አገሯ በደኒደን ከተማ የሦስተኛውን ዲቪዚዮን ውድድር አሸንፋ ወደ ላይ ወጣች። በ1987 በዚያው በመጨረሻው ምድብ የነበረችው ደቡብ ኮሪያም ደረጃ በደረጃ እየወጣች በ2018 ከላይኛዎቹ ጋር ለመጫወት በቃች።

፬ኛ፤ የዛሬው ሥርዓት

ከ2001 ጀምሮ ምድቦቹ ዲቪዚዮን ተብለው በቁጥር ይጠራሉ። በላይኛው ደረጃ 16 አገሮች አሉ፤ እነርሱም 8 8 ሆነው በሁለት ይከፈላሉ። እያንዳንዱ 7 ጊዜ ይጫወታል፤ ከየወገኑ 4ቱ ወደ ሩብ ፍጻሜው ግጥሚያ ያልፋሉ፤ ከየወገኑ መጨረሻ የሆነው ግን ወደ ታች ይወርዳል። ከዚህ በታች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲቪዚዮን አሉ፤ እያንዳንዱም ሀ እና ለ ተብሎ በከፍታና በዝቅታ ተለይቷል። በ2022 ደግሞ አራተኛው ዲቪዚዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ። ከአንደኛው ዲቪዚዮን ሀ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ከላይ በወረዱት በሁለቱ ቦታ ይተካሉ።

ነጥቡም እንዲህ ነው። በ60 ደቂቃ ያሸነፈ 3 ነጥብ ያገኛል። አቻ ቢሆኑ ግን በተጨማሪ ጊዜ ወይም በመለያ ምት ይለያሉ፤ አሸናፊው 2፣ ተሸናፊው 1 ነጥብ ይሰጠዋል። እንግዲህ እስከ መጨረሻው የታገለ ቢሸነፍም ባዶ እጁን አይመለስም።

፭ኛ፤ የብሪታንያ ምሳሌ

ብሪታንያ በ1936 የኦሎምፒክና የዓለም አሸናፊ ነበረች። በኋላ ግን እየደከመች ሄዳ በ1990 በመጨረሻው በአራተኛው ምድብ ተገኘች። በዚያው ዓመት ምድቡን አሸነፈች፤ በ1992 ሦስተኛውን፣ በ1993 ሁለተኛውን አሸንፋ በ1994 ወደ ላይኛው ደረጃ ተመለሰች። በዚያ ግን መጨረሻ ሆና ወረደች፤ እንደ ገና ለመውጣትም 25 ዓመት ፈጀባት። በ2018 በቡዳፔስት ከተማ ከሀንጋሪ ጋር ስትጋጠም ለመውጣት አንዲት ነጥብ ትበቃት ነበር። ስትመራ የቆየችው ሀንጋሪ ነበረች፤ ጨዋታው ሊያልቅ 16 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ሲቀረው ብሪታንያ 2 ለ 2 አደረገች፤ በመለያ ምትም አሸነፈች።

በ2019 በስሎቫክያ ከፈረንሳይ ጋር የገጠመችው ተሸናፊው ሊወርድ ነበር። ፈረንሳይ 3 ለ 0 ስትመራ ሳለ ብሪታንያ አቻ ሆና በተጨማሪው ጊዜ 4 ለ 3 ረታች። ሆኖም በ2022 ወረደች፣ በ2023 ወጣች፣ በ2024 እንደ ገና ወረደች፣ በ2025 ደግሞ ለ2026 ውድድር መውጣቷን አረጋገጠች።

፮ኛ፤ የትምህርቱ ፍሬ

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው፣ የላይኛው ስፍራ ርስት አይደለም፤ ትናንት ያሸነፈ ዛሬ ካልደከመበት ይለቅቃል። ሁለተኛው፣ የታችኛው ስፍራ የውርደት ቤት አይደለም፤ ሰው በአቅሙ እየተፈተነ የሚሠለጥንበት ነው። ታች መሆን የሚጎዳው መውጫው ደጅ ሲዘጋ ነው። ልጆችን እንደ ዕውቀታቸው ከፍሎ የሚያስተምር መምህርም ይህን ሊያስብ ይገባዋል፤ ከአቻዎቹ ጋር ያስቀመጠውን ልጅ በየጊዜው መርምሮ፣ የበረታ ባገኘው ጊዜ ወደ ላይ ያሳልፈው።

ጥያቄ

፩፤ በ1930 ውድድሩ ከሻሞኒ ወደ በርሊን ስለ ምን ተዛወረ?
፪፤ ከላይኛው ደረጃ በየዓመቱ ስንት አገሮች ይወርዳሉ?
፫፤ በመለያ ምት የተሸነፈ ስንት ነጥብ ያገኛል? ስለ ምንስ ይሰጠዋል?
፬፤ ኒው ዚላንድ ከ58 ለ 0 በኋላ ጨዋታውን ትታ ቢሆን ኖሮ ምን ይቀርባት ነበር?