ባለ ሁለት አሞርዛተር ብስክሌት ልግዛ? ከዓመታት በኋላ ወደ ብስክሌት ለምትመለሱ

ዛሬ ትንሽ ለየት ያለ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ከመቂ የተላከልኝ ነው።

«ዶክተር፣ 44 ዓመቴ ነው። ወጣት እያለሁ ከመቂ ዝዋይ በብስክሌት እመላለስ ነበር። ካቆምኩ 15 ዓመት ሆነኝ። አሁን ክብደቴ ጨምሯል፣ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ወገቤንም ያመኛል። እንደገና ልጀምር ብዬ ሱቅ ስጠይቅ ‹ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር ያለው የተራራ ብስክሌት ለወገብህ ይሻልሃል› አሉኝ። ዋጋው ግን ከበደኝ። ልግዛ?»

አጭሩ መልስ፦ ወንድሜ፣ መመለስዎ በጣም ጥሩ ነው። ያንን ብስክሌት ግን ለወገቤ ብለው አይግዙት። ምክንያቱን ላስረዳ፤ ብዙዎቻችሁን የሚመለከት ነው።

የኋላ አሞርዛተር የተሠራው ለወገብ ሕመም አይደለም። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ በፍጥነት ስትወርዱ የኋላው ጎማ መሬት እንዳይለቅና ፍሬኑ እንዲይዝ ነው። የተራራ ብስክሌት በፋብሪካ በብዛት ተመርቶ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐርን ሲያቀርብ ነው፤ ያኔ አሞርዛተር የሚባል ነገር አልነበረውም። የፊት አሞርዛተር መስፋፋት የጀመረው ሮክሾክስ እ.ኤ.አ. በ1989 ካመጣው በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ንዝረቱን ይቀበል የነበረው ወፍራሙ ጎማና የነጂው ጎበጥ ያለ ክርንና ጉልበት ነው። ዛሬም ቢሆን ዋናውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

አሁን መቂን አስቧት። ሜዳ ናት። አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ወደ ሐይቁ በቲማቲምና በሽንኩርት እርሻ መሃል የሚያልፍ አሸዋና አቧራ የበዛበት መንገድ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃ። ለዚህ የፊት አሞርዛተር ብቻ ያለው፣ ጎማው ሰፊ የሆነ ብስክሌት ይበቃል። ከእንጦጦ ጫካ ቁልቁል የሚወርድ፣ ወይም በዝዋይና በላንጋኖ መሃል ያለውን የአሉቶን ተራራ ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ከሆናችሁ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ባለ ሁለቱ ዋጋውን ያወጣል።

ሌላ ችግር ደግሞ አለ። «ባለ ሁለት አሞርዛተር» ተብለው የሚሸጡት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ደህናው አየር ወይም ሞላ ከዘይት ጋር አለው፤ ሲመታ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። እንደ ነጂው ክብደት ይስተካከላል፤ ስትቀመጡበት ከሚወርድበት ርዝመት ሩብ ወይም 30 በመቶ ያህል መውረድ አለበት። ርካሹ ግን ባዶ ሞላ ነው። ፔዳል በረገጣችሁ ቁጥር እንደ ፍራሽ ይዘላል፣ ጉልበታችሁን ይበላል። ክብደቱም ከ17 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል። ከ15 ዓመት በኋላ ለሚጀምር ሰው ይሄ ማለት ሁለት ሳምንት ነድቶ «ብስክሌት ለእኔ አይሆንም» ብሎ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ይህን ሞክሩ። መቀመጫውን በሁለት እጅ በኃይል ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ደጋግሞ ከዘለለ ባዶ ሞላ ነው። የኋላውን ጎማ ይዛችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁት፤ «ቀጭ ቀጭ» ካለ መጋጠሚያው ላይ ያለው ኩሽኔታ አልቋል። በተለይ ያገለገለ ስትገዙ ይህን አትርሱ። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ግፉት፤ መሪው ሥር የሚንኳኳ ነገር ካለ ተዉት።

ደህናውን ብትገዙም ሥራ አለው። አሞርዛተር አምራቾች በየ50 ሰዓቱ ገደማ ተከፍቶ እንዲጸዳ የሚያዝዙባቸው ሞዴሎች አሉ። የስምጥ ሸለቆ አቧራ ደግሞ የዘይት መጠበቂያ ጎማዎቹን ይበላል። ሠፈራችሁ ያለው መካኒክ ያንን ዕቃ ካላገኘ ምን ልታደርጉ ነው? እኔ ብሆን በዚያ ገንዘብ ጥሩ የፊት አሞርዛተርና ጥሩ የዲስክ ፍሬን ያለው እገዛለሁ፤ በሚተርፈው ሄልሜት።

ጎማ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለወገብ የሚጠቅመው ርካሹ ነገር እሱ ነው። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ይሞላላችኋል አይደል? 2 ኢንች አካባቢ ስፋት ላለው ጎማ፣ 75 ኪሎ ለሆነ ሰው፣ በኮረኮንች መንገድ ከ30 እስከ 40 ፒ.ኤስ.አይ. ይበቃል፤ አስፋልት ላይ ትንሽ ይጨመርበታል። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ልክ ግን አትውጡ፤ በጣም ካነሰ ካላማዳሪያው ድንጋይ ላይ ይቆነጠጣል። እና የግራር እሾህ! ከመቂ ወጣ ስትሉ የሚያስቆማችሁ እሱ ነው። ትርፍ ካላማዳሪያና የእጅ ፓምፕ ያዙ፤ ካገኛችሁ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ ጎማው ውስጥ አስጨምሩ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመለስ። ከብስክሌት ጋር የሚመጣ የወገብና የጉልበት ሕመም ብዙውን ጊዜ መነሻው የልክ ችግር ነው። ቴላዮው ከረዘመባችሁ መሪውን ለመያዝ ትለጠጣላችሁ፣ ወገብ ይጎብጣል፣ አንገት ወደ ላይ ይቀለበሳል። ብስክሌቱን መሃል እግራችሁ አድርጋችሁ ስትቆሙ በብረቱና በእናንተ መካከል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ለሚመለስ ሰው መሪው ከመቀመጫው እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ይመረጣል።

መቀመጫውስ? ብዙ ሰው ሁለት እግሩ መሬት እንዲነካለት ዝቅ ያደርገዋል። ጉልበቱን የሚያሳምመው ይሄ ነው። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግር ጣቶቻችሁ ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ ታጥፎ ይቀራል፤ ልኩ ያ ነው። ጉልበታችሁን ከፊት ካመማችሁ ብዙ ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ከሆነ ከፍ ብሏል። በግማሽ ሴንቲ ሜትር እያስተካከላችሁ ሞክሩ። ማርሹንም ቀለል አድርጉና ቶሎ ቶሎ ርገጡ፤ ከባድ ማርሽ እየታገሉ መግፋት ጉልበትን ይጨርሳል።

አንድ ነገር ግን በብስክሌት አይታለፍም። የወገቡ ሕመም ወደ እግር የሚወርድ፣ እግር የሚያደነዝዝ ወይም የሚያዝል ከሆነ መጀመሪያ ታዩ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ወይም መቀመጫችሁ አካባቢ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ስለ ደም ግፊቱ። ጠያቂያችን፣ ብስክሌቱን ከመግዛትዎ በፊት ግፊትዎን ይለኩ። 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አይጀምሩ፤ መጀመሪያ ሐኪምዎ መድኃኒቱን ያስተካክልልዎ። ከተቆጣጠሩት ብስክሌት ራሱ ግፊትን ከሚቀንሱት ነገሮች አንዱ ነው፤ መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቋርጡ። አቴኖሎልና መሰሎቹን የምትወስዱ፣ መድኃኒቱ የልብ ምትን ስለሚያዘገይ በሰዓታችሁ ላይ የሚታየውን ምት አትመኑት። በንግግራችሁ ለኩት፦ ማውራት የምትችሉ፣ መዝፈን ግን የማትችሉ ከሆነ ልክ ነው። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ የመቂን የቀትር ፀሐይ ራቁ፣ ውኃ ያዙ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ የስኳር ታማሚዎች ከረሜላ ወይም ስኳር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን እዚያ ለመድረስ አትሩጡ። ለአንድ ወር ያህል ቀን እያለፋችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በቂ ነው። ትንፋሻችሁ ቶሎ ይመለሳል፤ ጅማት ግን ቀርፋፋ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። «ድሮ ዝዋይ እሄድ ነበር» ማለት በመጀመሪያው እሑድ ዝዋይ መሄድ አይደለም። እየነዳችሁ ደረታችሁን የሚጫን ወይም የሚያጨንቅ ስሜት፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ መሳት፣ ከልማዳችሁ ውጪ የሆነ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ውረዱ። ቤት ሄጄ ልረፍ አይባልም፤ ሕክምና ቦታ ነው።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት አይደለም፤ በአሮጌው አስፋልት ላይ ደግሞ ከባድ መኪናውም ባጃጁም አለ። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ደማቅ ልብስ ለብሳችሁ ውጡ። ሄልሜት አድርጉ፣ ማሰሪያውንም እሰሩት። ብዙ ሰው አናቱ ላይ አስቀምጦት ሲሄድ አያለሁ፤ ሲወድቅ ከሰውየው ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው።

የመጨረሻው ወንዶች በውስጥ መስመር በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ ነው፤ ብልትና አካባቢው መደንዘዝ። መቀመጫው ነርቩን ሲጫነው የሚመጣ ነው። አሞርዛተር መግዛት አያስፈልገውም። የመቀመጫውን አፍንጫ ደልደል አድርጉት ወይም በጣም ትንሽ ወደ ታች አዘንብሉት፣ በየ10 ደቂቃው ፔዳሉ ላይ ቆም እያላችሁ ደሙ እንዲመለስ አድርጉ፣ ለመቀመጫ አጥንታችሁ የሚበቃ ስፋት ያለው ምረጡ። ሴቶችም ላይ ይከሰታል። ከወረዳችሁ በኋላ ድንዛዜው ቶሎ ካልለቀቀ ወይም እየተደጋገመ ከመጣ መንዳቱን አቁሙና ለሐኪም ንገሩ፤ አያሳፍርም። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።