ሰው በማይኖርባቸው ደሴቶች ላይ ሉዓላዊነትን ማረጋገጥ፦ የሐኒሽ የግልግል ውሳኔ ሲመረመር

መግቢያ

በደቡባዊ ቀይ ባሕር የሚገኙት የሐኒሽና የዙቀር ደሴቶች ድንጋያማና ደረቅ፣ ቋሚ ነዋሪም የሌላቸው ናቸው። ይሁንና በዲሴምበር 1995 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኤርትራና የየመን ጦር በታላቁ ሐኒሽ ተዋግተው የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ሁለቱ አገሮች በፈረንሳይ ሸምጋይነት ጉዳዩን ለግልግል ዳኝነት ለማቅረብ በ1996 ተስማሙ። በሰር ሮበርት ጄኒንግስ ሰብሳቢነት የተሠየመው የአምስት ዳኞች ጉባኤ በኦክቶበር 1998 ስለ ደሴቶቹ ባለቤትነት፣ በዲሴምበር 1999 ደግሞ ስለ ባሕር ወሰኑ ውሳኔ ሰጥቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉባኤው የትኛውን ማስረጃ እንዳስበለጠና ከሉዓላዊነት ውጭ ምን እንዳስቀረ ማሳየት ነው።

ታሪካዊ መብት ወይስ የቅርብ ጊዜ ተግባር?

የመን ከኦቶማን አገዛዝ በፊት የነበረ ጥንታዊ መብት ከግዛቱ መፍረስ በኋላ ተመልሶልኛል ስትል ተከራከረች። ኤርትራ በበኩሏ ጣሊያን ያገኘችው መብት ለኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያም በ1993 ነጻነት ለእርሷ እንደተላለፈ አስረዳች፤ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በአካባቢው ያደረገውን ቅኝትም በማስረጃነት አቀረበች። ጉባኤው ሁለቱንም የታሪክ መከራከሪያዎች በቂ ሆነው አላገኛቸውም። ቱርክ መብቷን የተወችበት የ1923 የሎዛን ውል አንቀጽ 16 የደሴቶቹን ዕጣ ለሚመለከታቸው ወገኖች ክፍት ትቶት ነበርና።

ስለዚህ ሚዛኑ ያረፈው ከክርክሩ በፊት በነበሩት ቅርብ ዓመታት በተፈጸሙ የመንግሥት ተግባራት ላይ ነው፤ የመብራት ማማዎች ጥገና፣ የነዳጅ ፍለጋ ውሎችና ፈቃዶች ተመዝነዋል። በዚህ መሠረት የዙቀርና ሐኒሽ ስብስብ፣ ጀበል አል ጣይርና የዙበይር ደሴቶች ለየመን ተወሰኑ። ለኤርትራ ጠረፍ የሚቀርቡት የሞሐበካ፣ የሄይኮክና የደቡብ ምዕራብ ዐለቶች ለኤርትራ ሆኑ።

ከሉዓላዊነት ውጭ የቀረው

የውሳኔው ጥልቅ ትምህርት ግን ከክፍፍሉ ባሻገር ይገኛል። ከሁለቱም ጠረፎች የሚመጡ ዓሣ አስጋሪዎች ደሴቶቹን በጋራ ሲገለገሉባቸው ኖረዋል። ጉባኤው ባለቤትነቱን ለየመን ሲሰጥ ይህ ነባር የዓሣ ማስገር ሥርዓት ለሁለቱም ሕዝቦች እንዲጠበቅ አዘዘ። በሁለተኛው ውሳኔም ሥርዓቱ በባሕር ወሰኑ መስመር እንደማይገደብ፣ ወደ ባላንጣው ወደብ ገብቶ ዓሣ መሸጥንም እንደሚጨምር አብራራ። ጥበቃው ግን በባህላዊ መንገድ ለሚያሰግሩት እንጂ ለኢንዱስትሪ ዓሣ ማስገር አይደለም።

ማጠቃለያ

ሁለቱም መንግሥታት ውሳኔውን ተቀብለዋል፤ ኤርትራም ጦሯን ከደሴቶቹ አስወጥታለች። በዚህ ረገድ ግልግሉ ተሳክቷል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የየመን ዓሣ አስጋሪዎች በኤርትራ ባሕር ኃይል መያዛቸውና ጀልባዎቻቸው መወሰዳቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ይህም የወሰን መስመር በካርታ ላይ ሲሰፍር ጸንቶ ሊቆም እንደሚችል፣ የአስጋሪው መብት ግን የዕለት ተዕለት አስፈጻሚ ካልተበጀለት በወረቀት እንደሚቀር ያመለክታል። ለወደፊት ተመሳሳይ ግልግሎች ሊታሰብበት የሚገባው ደሴቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ በዙሪያው ለሚተዳደሩ ሰዎች የተሰጠውን መብት በባሕር ላይ ማን ያስከብራል የሚለውም ጭምር ነው።