የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ማቆም ይገባዋልን?

(ለውይይት የቀረበ ጥናት)

ይህ ጥያቄ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን «አድማ የሠራተኛ ሁሉ መብት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛም ሠራተኛ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የሕዝብ አገልጋይ ሕዝቡን ጥሎ ሊሄድ አይገባውም» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ዳሩ ግን ሁለቱም ጥያቄውን ከመካከሉ ስለሚጀምሩት ሳይግባቡ ይለያያሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር እንሞክራለን። የምንመረምረውም ለክርክር ውበት ብለን አይደለም። አብዛኞቻችን ትምህርታችንን ስንጨርስ የመንግሥት ደመወዝተኞች እንሆናለን፤ ወላጆቻችን ደግሞ የመንግሥት አገልግሎት ጠባቂዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩ በሁለት በኩል ይነካናል።

1ኛ. የጥያቄው መነሻ

ዶዮገናን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ዶዮገና በከምባታ ዞን የምትገኝ የደጋ ወረዳ ናት። ሕዝቧ እንሰት ተክሎ፣ ድንች አምርቶ፣ በስሙ የታወቀውን የዶዮገና በግ አርብቶ ይኖራል። እንዲህ ባለ ወረዳ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበለው ሰው ከሞላ ጎደል የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ይኸውም መምህሩ፣ ነርሱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያውና የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ናቸው። የእነርሱ ደመወዝ ሲቆም የሚጎዱት እነርሱ ብቻ አይደሉም። ባለሱቁ የዱቤ መዝገቡን ይዘጋል፤ በገበያ ቀን ቅቤና ድንች ይዛ የወጣችው እናት ገዢ ታጣለች፤ የእድር መዋጮ ይጓደላል፤ ቤት አከራዩም ኪራዩን ሳያገኝ ይከርማል።

በ2016 ዓ.ም. በወላይታ፣ በሀዲያና በከምባታ አካባቢ የሆነው ይህ ነበር። በብዙ ወረዳዎች ደመወዝ በጊዜው ሳይከፈል ወራት አለፉ፤ በአንዳንዶቹም በከፊል ብቻ ተከፈለ። መምህራን ክፍል መግባት ያቆሙባቸውና ትምህርት የተቋረጠባቸው ወረዳዎች ነበሩ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የአፈር ማዳበሪያ ዕዳ ነው። ገበሬው በዱቤ የወሰደው የማዳበሪያ ዋጋ ሳይሰበሰብ ሲቀር ዕዳው ለወረዳው ከተመደበው በጀት ይቀነሳል፤ ከወረዳው በጀት ደግሞ ትልቁ ድርሻ ደመወዝ ነው። ይህም ማለት የማዳበሪያው ዕዳ በመምህሩ ኪስ ተከፈለ ማለት ነው። መምህሩ ክፍል መግባት ሲያቆም ደግሞ ዕዳው ተመልሶ በገበሬው ልጅ ላይ ወደቀ። ገንዘቡን ያስተዳደረው ክፍል ግን በመካከል ሳይነካ ቀረ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

2ኛ. የፋብሪካ አድማና የጽሕፈት ቤት አድማ

የፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ ሲያቆም ባለፋብሪካው በየቀኑ ይከስራል። የአድማው ኃይል ይህ ኪሳራ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች እየተጎዱ ስለሚሄዱ ለመስማማት ይገደዳሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የሚሸጠው ዕቃና የሚያጣው ትርፍ የለውም። መምህሩ ክፍል ባይገባ ግምጃ ቤቱ አንድ ሳንቲም አይከስርም። የሚከስረው ተማሪው ነው። ነርሷ ሥራ ብታቆም የምትጎዳው በቃሬዛ የመጣችው ወላድ ናት።

እንግዲህ የመንግሥት ሠራተኛ አድማ ኃይል የሚያገኘው ከኪሳራ አይደለም፤ ከሕዝብ ድምፅ ነው። ሕዝቡ «ልጆቻችንን የሚያስተምሩልንን ሰዎች ደመወዝ ክፈሉ» ብሎ ከሠራተኛው ጋር ከቆመ አድማው ኃይል አለው። ሕዝቡ «በደሉን» ብሎ ከተቀየመ ግን አድመኛው ብቻውን ይቀራል፤ እርሱን መቅጣትም ቀላል ይሆናል። ይህን ነጥብ ያልያዘ ሰው ስለ መንግሥት ሠራተኛ አድማ ቢናገር በፋብሪካ ሚዛን ጽሕፈት ቤትን እንደ መመዘን ይሆንበታል።

3ኛ. ሕጉ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የመደራጀትንና ሥራ የማቆምን መብት ለፋብሪካና ለአገልግሎት ሠራተኞች ብቻ አልሰጠም። የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችንም ጨምሮ ይጠቅሳል። ዳሩ ግን እነማን እንደ ሆኑ «በሕግ ይወሰናል» ብሎ ያልፋል። የችግሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አድማ እንዴት እንደሚጠራ፣ ማስጠንቀቂያው ከስንት ቀን በፊት እንደሚሰጥ፣ ክርክሩ በማን እንደሚታይ በዝርዝር ደንግጎአል፤ የመንግሥት ሠራተኛውን ግን ከወሰኑ ውጭ ያደርገዋል። በአዋጁ ውስጥ ካሉትም መካከል እንደ መብራት፣ ውሃ፣ ሆስፒታል፣ እሳት አደጋና ቴሌ ያሉት ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ አገልግሎቶች ተብለው በአድማ ረገድ ተለይተዋል።

በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 421 የሥራ ግዴታውን ጥሶ አድማ የሚያደርገውን የመንግሥት ሠራተኛ በእስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። የመንግሥት ሠራተኛ አቤቱታ የሚያቀርብበት የቅሬታ ሥርዓትና የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለ፤ ነገር ግን ይህ መንገድ የተሠራው ያላግባብ ለተሰናበተው፣ ደረጃ ለተከለከለው ለአንድ ለአንድ ሰው ነው። አንድ ሺህ መምህራን በአንድነት «የሦስት ወር ደመወዛችን የት ደረሰ?» ብለው ከመንግሥት ጋር በእኩልነት የሚደራደሩበት ገበታ አልተዘረጋም። ስለዚህ በሩ በሕገ መንግሥቱ ተከፍቶ፣ በዝርዝር ሕግ እጦት ገርበብ ብሎ፣ በወንጀል ሕጉ ተቆልፎ ይገኛል ብንል ከእውነት አንርቅም።

4ኛ. ከታሪካችን የምንማረው

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም የመንግሥት ሠራተኛው ከዚያ ማዕቀፍ ውጭ ነበር። መምህራን ግን የራሳቸው የሙያ ማኅበር ነበራቸው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ የጠየቁት የደመወዝ ጭማሪ ብቻ አልነበረም፤ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ እንዲቀር ጭምር ነበር። ብዙው ወላጅ ዕቅዱ የድሀውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት የሚያግድ መስሎ ስለ ታየው የመምህሩ ጥያቄ የወላጁም ጥያቄ ሆነ። በዚያው ቀን የቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ያስመረራቸው ታክሲ ነጂዎችም ሥራ አቆሙ። ዕቅዱ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የካቲት 28 ቀን ደግሞ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር የጠራው ጠቅላላ አድማ በአራት ቀን ስምምነት ላይ ደረሰ፤ ከዚያም በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች በየተራ ጥያቄያቸውን ይዘው ተነሡ።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ባወጣው በመጀመሪያው አዋጅ አድማን ከለከለ። በዓመቱም፣ በመስከረም 1968 ዓ.ም.፣ የማኅበሩን ወረቀት በሚያድሉ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ጥይት ተተኮሰ። አድማ የወለደው ለውጥ አድማን ሲከለክል ያየነው በዚህ ጊዜ ነው።

ከቅርቡም ሁለት እንጥቀስ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ አቁመው አንዳንዶቹ ታሰሩ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የሕክምና ዋስትና ጥያቄ አንሥተው በብዙ ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ከመቶ የሚበልጡ ባለሙያዎች እንደ ታሰሩም የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ገለጹ። ከጥቂት ወራት በኋላ የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ እርከን ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሻሻል ተወሰነ፤ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ አለ። ይህ የአድማው ፍሬ ነው ወይም አይደለም ብለን አንፈርድም። የምንለው ይህን ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኑሮ መወደዱን ሁሉም ያውቅ ነበር። የሚታወቀውን ችግር በጠረጴዛ ዙሪያ የሚመክርበት ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ሐኪሙም ወህኒ ባልወረደ፣ በሽተኛውም ከሆስፒታል በር ባልተመለሰ ነበር።

5ኛ. በሌሎች አገሮች እንዴት ነው?

ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ድርጅትን 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች ተቀብላለች። የድርጅቱ ባለሙያዎች በእነዚህ ላይ ተመሥርተው የደረሱበት ሐሳብ ለእኛ ጥያቄ ብርሃን ይሰጣል። እንደ እነርሱ አስተያየት አድማ ሊከለከል የሚችለው በመንግሥት ስም ሥልጣን ለሚሠሩ ሹማምንት፣ እንዲሁም ሲቋረጥ የሰውን ሕይወት፣ ደኅንነት ወይም ጤና አደጋ ላይ በሚጥል አገልግሎት ነው። ሆስፒታል ከዚህ ይገባል፤ ማስተማር ግን አይገባም። አድማ ለተከለከለው ሠራተኛ ደግሞ በምትኩ የማያዳላና ፈጣን የግልግል ዳኝነት ሊሰጠው ይገባል ይላሉ።

በጀርመን «ቤአምተ» የሚባሉት ቋሚ ሹማምንት፣ ብዙ መምህራንን ጨምሮ፣ አድማ አይፈቀድላቸውም፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም በ2018 እ.ኤ.አ. ይህን አጽንቶአል። ነገር ግን በምትኩ መንግሥት ዕድሜ ልካቸውን ተገቢውን መተዳደሪያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ቢያጓድል በፍርድ ቤት ይጠየቃል። ክልከላው ዋጋ ተከፍሎበታል ማለት ነው። በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ለሠራተኛ ሁሉ የማድማት መብት ይሰጣል፤ ከታኅሣሥ 2016 እስከ መጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሐኪሞች 100 ቀን ሥራ አቁመው ነበር። ባለጸጋው ወደ ግል ሆስፒታል ሄደ፤ ድሀው ግን መሄጃ አጣ። እንግዲህ መብት ብቻውን አይበቃም፤ ክልከላም ብቻውን አይበቃም።

6ኛ. የእኛ አስተያየት

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ጭማሪ መጠየቅ ሌላ፣ ዕዳ መጠየቅ ሌላ ነው። ጭማሪ የሚጠይቅ ሠራተኛ ድርድር ይፈልጋል፤ የአገሪቱ አቅምም ሊታይ ይገባል። የሠራበትን ወር ደመወዝ የሚጠይቅ ሠራተኛ ግን ገንዘቡን እየጠየቀ ነው። ውሉን አስቀድሞ ያፈረሰው ከፋዩ ነው። ሦስት ወር ሳይከፈለው ክፍል የገባውን መምህር «ለምን በአራተኛው ወር ቀረህ?» ብሎ የሚወቅስ ሰው፣ ወቀሳውን ከየት እንደሚጀምር ሊያስብ ይገባዋል።

ይህን ከለየን ዘንድ አሳባችን በአጭሩ እንዲህ ነው፤

(ሀ) የመምህሩ፣ የጸሐፊው፣ የግብርና ባለሙያው የአድማ መብት በዝርዝር ሕግ ሊወሰን ይገባል። ሕገ መንግሥቱ ከጸና 30 ዓመት አልፎአል፤ «በሕግ ይወሰናል» የሚለው ቃል ከዚህ በላይ ሊዘገይ አይገባውም።

(ለ) የማዋለጃ ክፍል፣ ድንገተኛ ሕክምናና ውሃ በማናቸውም ምክንያት ሊቋረጡ አይገባም። የዶዮገና ወላድ ወደ ሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ መሐመድ ሆስፒታል ስትላክ የሚቀበላት ተረኛ ማግኘት አለባት። ነገር ግን አድማ የተከለከለው ነርስ አስገዳጅ የሆነ የግልግል ዳኝነት በምትኩ ሊያገኝ ይገባዋል። ያለ ምትክ የሚደረግ ክልከላ የግምጃ ቤቱን ዕዳ በነርሱ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

(ሐ) አድማ የመጨረሻው መንገድ ይሁን። አስቀድሞ ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፣ ቀን ይቆረጥለት፤ ወላጆችና የአገር ሽማግሌዎችም ጉዳዩ ከነቁጥሩ ይነገራቸው። መምህሩ በገበያ ቀን ለገበሬው ያላስረዳው አድማ ግማሹ እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል።

(መ) የባከነው የትምህርት ቀን ይካካስ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ያለፉት ከመቶ 5.4 ያህል ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ የወር ትምህርት ያጣ የገጠር ልጅ ያጣው ብዙ ነው።

አንዳንዶች «ድሀ አገር አድማን አትችልም» ይላሉ። እኛ ግን ድሀ አገር የማትችለው ሳይከፈለው የሚያስተምር መምህር አገኛለሁ ብሎ ማሰብን ነው እንላለን። መምህሩ አድማ ባይመታ እንኳ ሥራውን ጥሎ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ማስጠንቀቂያ የማይሰጥበት፣ ድርድር የማይመልሰው፣ ፍጻሜ የሌለው አድማ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የማዳበሪያ ዕዳ ከደመወዝ በጀት እንዳይቀነስ ማን፣ በምን ሕግ ሊከለክል ይችላል?

2. በወረዳችሁ ካሉት የመንግሥት አገልግሎቶች ለአንድ ቀን እንኳ ሊቋረጥ የማይገባው የትኛው ነው? ለአንድ ሳምንትስ?

3. የመንግሥት ሠራተኛውን ጉዳይ የሚዳኝ ግልግል ቢቋቋም ዳኞቹን ማን ይምረጥ?

4. ነገ እናንተ ደመወዝ ሳይከፈላችሁ ሦስት ወር ቢያልፍ፣ ከአራተኛው ወር በፊት ምን ታደርጋላችሁ? ለማንስ ትነግራላችሁ?