የደም ዓይነት፣ ፕሌትሌትና ሴፕሲስ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ ወረዳዎች ወባ ነባር በሽታ ነው። ክረምቱ አልፎ ውኃ በየቦታው ሲያቁር፣ በአሶሳም ሆነ በየወረዳው የጤና ተቋማት ትኩሳት ያለባቸው ሕሙማን ይበረክታሉ። የአንዳንዶቹ ሕመም ወደ ሴፕሲስ ይሸጋገራል። ሴፕሲስ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከልኩ አልፎ የራሱን አካላት ሲጎዳ የሚፈጠር አጣዳፊ ሁኔታ ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ቢሆንም ከባድ ወባም ያስከትለዋል። ለመሆኑ የደም ዓይነቱ ኦ የሆነ ሰው ከዚህ አደጋ ተጠብቄያለሁ ሊል ይችላልን?

ፕሌትሌቶች ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ፣ ስፋታቸው ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሜትር የሆነ የሕዋስ ቁራጮች ናቸው። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ። በሴፕሲስ ጊዜ የተጎዳው የደም ሥር ግድግዳ ፎን ቪሌብራንድ የተባለውን ፕሮቲን በብዛት ይለቃል። የሚፈሰው ደም ፕሮቲኑን እንደ ክር ይዘረጋዋል፤ ፕሌትሌቶችም ይያያዙበታል። ክሩን የሚቆራርጠው ኢንዛይም በዚህ ጊዜ ስለሚያንስ መረቡ ይሰፋል። ከዚህ የተነሣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይደፈናሉ፤ በደም ውስጥ የሚቀሩት ፕሌትሌቶችም ይመናመናሉ።

ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳወቃቸው የደም ዓይነቶች የሚለያዩት በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ባሉ ስኳሮች ነው። እነዚሁ ስኳሮች በፎን ቪሌብራንድ ላይም አሉ። ኦ የሆኑ ሰዎች የዚህ ፕሮቲን መጠናቸው በአማካይ ከሌሎቹ በ25 በመቶ ገደማ ያንሳል። በወባም ረገድ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የማሊ ጥናት ኦ የሆኑ ሕፃናት በከባድ ወባ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅተኛ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱም በወባ የተያዘው ቀይ ሕዋስ ጤነኞቹን ሕዋሳት በዙሪያው አጥብቆ የሚይዘው በኤና በቢ ስኳሮች አማካይነት ነው።

እዚህ ላይ አማካይንና ግለሰብን መለየት ያስፈልጋል። በጤነኞች መካከል እንኳ የፎን ቪሌብራንድ መጠን ከ50 እስከ 150 በመቶ፣ ማለትም እስከ ሦስት እጥፍ ይለያያል። በዚህ ስፋት ውስጥ የ25 በመቶ ልዩነት ብዙ ሰዎችን በአንድነት ሲያዩ የሚታይ እንጂ የአንዱን ሕመምተኛ ዕጣ የሚወስን አይደለም። ኦ ከከባድ ወባ የሚሰጠው ከለላም ከወባ ትንኝ አያድንም።

ስለዚህ መልሱ የሚገኘው በመቁጠር ነው። ዋላስ ኩልተር እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ፣ ሕዋሳት ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ አንድ በአንድ ይሾልካሉ፤ እያንዳንዱም የኤሌክትሪክ ፍሰቱን እንደ መጠኑ ለቅጽበት ያውካል። በቱቦው ውስጥ ተጣብቀው የተከማቹ ፕሌትሌቶችን መሣሪያው እንደ አንድ ሊቆጥር ወይም ሊስት ስለሚችል፣ አጠራጣሪ ውጤት በማይክሮስኮፕ ይረጋገጣል። ሐኪሞች የሴፕሲስን ክብደት በሚመዝኑበት «ሶፋ» በተባለው ነጥብ አሰጣጥ ውስጥም የፕሌትሌት ቁጥር አለ፤ የደም ዓይነት ግን የለም።

ለማጠቃለል፣ የደም ዓይነትን ማወቅ ደም መለገስና መቀበል ለሚያስፈልግበት ጊዜ እጅግ ይጠቅማል፤ ለመዘናጋት ግን ምክንያት አይሆንም። ትኩሳት ያለበት ሰው አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ አእምሮው ከተዛባ ወይም ሽንቱ ካነሰ፣ ዓይነቱ ኦም ይሁን ኤ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሊደርስ ይገባል።