«አላሰብኩም» ማለት ከካሣ ያድናል?

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን የውሃ መስመር ለማስገባት መተላለፊያው ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ሳይሸፍኑት አደሩ። እናቴ ማታ ወደ ቤት ስትመለስ ገብታበት እግሯ ተሰበረ። ጎረቤታችን «ሆን ብዬ አላደረግሁትም፤ በዚያ ሰዓት ሰው ያልፋል ብዬም አላሰብኩም» ይላሉ። ካሣ መጠየቅ እንችላለን?

መልስ፦ ለእናትዎ ምሕረቱን ይላክላቸው። አዎ፣ ትችላላችሁ።

«ሆን ብዬ አይደለም» የሚለው መከላከያ አያዋጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል፤ በቁጥር 2029 ደግሞ ጥፋት በቸልተኝነትም እንደሚፈጸም ይደነግጋል።

«አላሰብኩም» የሚለውስ? እዚህ ላይ ቁጥር 2030 ይመጣል። ዳኛው የጎረቤትዎን ልብ ሊመረምር አይቀመጥም። በእርሳቸው ቦታ አንድ አስተዋይ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሰው በአካል የለም፤ ሊቅም ነቢይም አይደለም፤ እንደማንኛችንም መንገድ የሚሄድ፣ ግን ነገሩን አመዛዝኖ የሚሠራ ሰው ነው። ሰው በሚመላለስበት መንገድ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲመሽበት ጣውላ ወይም ቆርቆሮ ይከድንበታል፤ ያ ቢያጣ ዙሪያውን ገመድ ወጥሮ ጨርቅ ያንጠለጥልበታል። ጎረቤትዎ ይህን ካላደረጉ፣ ባያስቡትም ማሰብ ነበረባቸው ማለት ነው።

«አርጅቻለሁ» ማለትም ጥፋቱን አያስቀርም፤ ሕጉ በመርህ ደረጃ የአጥፊውን ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ አይመለከትም። ቆፋሪው ባለሙያ ከሆነ ደግሞ በቁጥር 2031 መሠረት የሚመዘነው በሙያው ደንብ ነው።

ያው መለኪያ ለእናትዎም እንደሚውል አይዘንጉ። ጉድጓዱን እያዩ በላዩ ሊሻገሩ ሞክረው ከሆነ ፍርድ ቤቱ ካሣውን ሊቀንስ ይችላል። በጨለማ የለመዱትን መንገድ ሲሄዱ ከወደቁ ግን ጥፋተኛ የሚያሰኛቸው ነገር አይታየኝም።

እንግዲህ ክርክሩ የሚያርፈው በማስረጃ ላይ ነው። ጉድጓዱ ሳይደፈን ፎቶ ያንሱት፤ በዚያ ምሽት ክዳንም መብራትም እንዳልነበረው ያዩ ሰዎችን ስም ይያዙ። የሐኪም ማስረጃውን፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ደረሰኙን በሙሉ ያስቀምጡ። እናትዎ ሠርተው የሚያገኙት ገቢ ከነበረም የቀረባቸውን ማስረዳት ይኖርባችኋል።

ጎረቤት ነውና ነገሩን በሽማግሌ መጨረስ መልካም ነው፤ ስምምነቱን ግን በጽሑፍ አድርጋችሁ በምስክር ፊት ፈርሙበት። ካልተስማማችሁ ቀነ ገደቡን አትርሱ፦ በቁጥር 2143 መሠረት የካሣ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ሽምግልናው ሲጓተት ይህ ጊዜ እንዳያልፍባችሁ።