የአካንታሜባ የኮርኒያ ብግነት፦ የምርመራ መዘግየትና የሕክምና ውጤት

መግቢያ

አካንታሜባ በአፈር፣ በአቧራና በውኃ ውስጥ፣ የቧንቧ ውኃን ጨምሮ፣ በነፃነት የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋሲ ነው። ኮርኒያ በተሰኘው የዓይን ግልጽ የፊት ሽፋን ላይ ጭረት ሲያገኝ ዘልቆ በመግባት ለዓይነ ስውርነት የሚዳርግ ብግነት ያስከትላል። የበለጸጉ አገሮች ጥናቶች በሽታውን በዋናነት ከኮንታክት ሌንስ ጋር ያያይዙታል። በሕንድ ግን አብዛኞቹ ታማሚዎች ሌንስ የማይጠቀሙ፣ ዓይናቸው በባዕድ ነገር የተጎዳ ወይም ንጽሕናው ባልተጠበቀ ውኃ የተነካ ናቸው። ስለዚህ ታማሚው ሌንስ አለመጠቀሙ ብቻ በሽታውን ከግምት ለማውጣት በቂ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕክምናው ውጤት ከመድኃኒቱ ምርጫ ባልተናነሰ በምርመራው ጊዜ የሚወሰን መሆኑን ማሳየት ነው።

ምርመራ

በመጀመሪያው ደረጃ ተሕዋሲው በኮርኒያ የላይኛው ንብርብር ተወስኖ ስለሚቆይ፣ የሚያስከትለው ጉዳት ከሄርፒስ ቫይረስ ቁስለት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ከሚታየው ጉዳት ጋር የማይመጣጠን ብርቱ ሕመም ጠቋሚ ቢሆንም፣ ሕመም የማይሰማቸው ታማሚዎችም አሉ። የቀለበት ቅርጽ ያለው ጥላ ደግሞ በአብዛኛው ዘግይቶ የሚታይ በመሆኑ እርሱን መጠበቅ አይገባም። የተለመደው ሕክምና ያላሻለው ብግነት ሲያጋጥም ከኮርኒያው ተፍቆ ናሙና ሊወሰድ ይገባል።

ኮንፎካል ማይክሮስኮፕና ፒ.ሲ.አር. ፈጣን ቢሆኑም በየስፍራው አይገኙም። ንጥረ ምግብ በሌለው አጋር ላይ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ቀብቶ ናሙናውን ማሳደግ ግን ውስብስብ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አሜባው ባክቴሪያውን እየተመገበ የሚተወው ዱካ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ሆኖም ውጤቱ ቀናት የሚወስድ ሲሆን፣ ተሕዋሲው አለመገኘቱም በሽታው የለም ለማለት አያስችልም።

ሕክምና

ንቁ የሆነው የአሜባው ቅርጽ፣ ትሮፎዞይት፣ በብዙ መድኃኒቶች ይሸነፋል። ሁኔታው ሲከፋበት የሚለወጥበት ሲስት ግን ሴሉሎስ ባለበት ድርብ ግድግዳ የተከለለ ነው፤ የሕክምናው ችግርም ከዚህ ይመነጫል። በስፋት የሚሠራባቸው ጠብታዎች 0.02 በመቶ ፒ.ኤች.ኤም.ቢ. ወይም 0.02 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ከ0.1 በመቶ ፕሮፓሚዲን ጋር ይሰጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊትም ጭምር በየሰዓቱ ይጨመራሉ፤ ከዚያም እየተቀነሱ ለወራት ይቀጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ኅብረት 0.08 በመቶ ፒ.ኤች.ኤም.ቢ. ብቻውን ለዚህ በሽታ እንዲሰጥ ፈቅዷል።

በሽታው ሳይታወቅ የሚሰጥ ስቴሮይድ ምልክቱን እየሸፈነ ምርመራውን ያዘገያል፤ ከከፋ ውጤትም ጋር ተያይዞ ይገኛል። ተሕዋሲው ወደ ጥልቁ ንብርብር ከዘለቀ በኋላ ሕክምናው ይረዝማል፤ ኮርኒያ መተካትም ሊያስፈልግ ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው ወሳኙ እርምጃ በሽታውን ቀድሞ መጠርጠር ነው። በሄርፒስ የተመደበ ብግነት በሕክምና ካልተሻለ፣ ስቴሮይድ ከመታዘዙ በፊት ናሙና መላክ የታማሚውን ብርሃን ሊያተርፍ ይችላል።